ወተት ቀጠሮ አያውቅም

ዘንዘልማ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ከሐይቁ የወጣው ጉም
ጣሳ ሲጋጭ ያሰማል እንጂ ሰው አያሳይም።
በሳላቸው ነው የማውቃቸው፤ ይቺ ውዴ ናት፣ ያ እንየው፣
ያ ደግሞ ቦቲው የሚንቋቋው ስሜነህ ነው።
እኔ በር ከፋች፣ መዝጋቢ፣ ወተት መርማሪ ነኝ፤
ከሰላምታው በፊት የሞቀ ወተት ሽታ የሚደርሰኝ።
የመስታወቷን ዘንግ አጠልቃለሁ፣ ቁጥሯን በባትሪ አያለሁ፤
"ሃያ ዘጠኝ" እላለሁ፤ ከስሙ ጎን እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ዘንጓ ሰጠመች በጋሽ ተቀባ ጣሳ፣
ሃያ ሁለት ላይ ቆመች፣ እንደ ደከመው ዓሣ።
ሰልፉ ጸጥ አለ። አንጓች ወደ ሐይቁ አየችና፣
"ጋሽ ተቀባ" አለችው፣ "ዛሬስ የታለበችው ጣና ናት፣ ጣና!"
ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ፤
ሳምንት ቀረ፤ የላሙ ጡት መምገሉ በኋላ ታወቀ።
መድኃኒቱን ማኅበሩ ገዛ፤ ከወተቱ እየተቀነሰ
ዕዳው አለቀ፤ እሱ ግን ከሰልፉ ጭራ ቆሞ ጋቢውን አፉ ላይ መለሰ።

ድሮ? ድሮማ እያንዳንዳችን ለየብቻችን ነበርን፤
ባለ ሞተሩን ነጋዴ ስንጠብቅ በየደጃችን ቆመን፤
"ስንት ነው ዛሬ?" እንላለን፤ ዋጋውን እሱ ይነግረናል፤
የእሱ ሊትር ከእኛ ሊትር አንድ ሲኒ ይበልጣል።
ሁዳዴ ሲገባ ሞተሩም የለ።
ሰው ይጾማል፣ ላም አትጾም፤ ጡቷ ሞልቶ ታገሣለች፤
ውዴ አንድ ሁዳዴ ስምንት ሊትር ከፍግ ጉድጓድ ደፋች።
አላለቀሰችም፤ ጣሳውን አጥባ ሰቀለችው፤
"ለካ ወተትም ይቀበራል" ብቻ ነው ያለችው።

በዓመቱ ሃያ ሦስት ሆነን በዓሣ አስጋሪዎች መጋዘን ተሰበሰብን፣
ቅርፊቱ ቀሚሳችን ላይ ተጣብቆ ወደ ቤት ተመለስን።
መዋጮ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም፤ ማኅተሙ እንኳ ላም አይመስልም፣
ቀራጩ ቀንዷን ረስቶት፤ እስከ ዛሬ አልቀየርነውም።
የጾሙን ወተት መናጥ ጀመርን፤ ቅቤው ፋሲካን ጠበቀ፤
ፋጉሎ በመኪና ስናስመጣ ባለ ሞተሩ ሰላምታ ናቀ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ።
"በከተማው ክልል ውስጥ ከብት ማርባት" ከእንግዲህ አይቻልም፤
የት እንደሚቻል ግን ደብዳቤው አይናገርም።
ከተማው ነው የመጣብን፣ እኛ አልሄድንበት፤
አስፋልቱ በር ሳያንኳኳ ገባ እስከ በረት።

አንጓች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች፤ ስድስታችን ተከተልን፤
ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ይዛለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅን።
ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።
ሦስት ሰዓት። አራት ሰዓት።
ቆርቆሮው ፀሐይ ሲጠጣ የጣሪያውን ምስማር ቆጠርን።
ስድስት ሊሆን ሲል ጸሐፊዋ፣ "ነገ ኑ" አለች፤ "ነገ ጠዋት።"
አንጓች ተነሣች፤ ጠርሙሱን አኖረች ከወረቀቱ ፊት።

"ልጄ፣ ጠዋት ስንገባ ይሄ ለጋ ወተት ነበረ፤
ክፈቺና አሽትቺው፤ ወንበር ሲጠብቅ ጠባዩ ተቀየረ።
የእኛ ነገር እንደዚህ ነው፤ ሰው ቢጠብቅ ጡት አይጠብቅም፤
ወረቀት ያድራል፣ ይከርማል፤ ወተት ቀጠሮ አያውቅም።"

በሩ ተከፈተ። ኃላፊው ብቅ አሉ፤ አፍንጫቸውን ያዙ፤
ወንበር ሦስት ብቻ ነበር፤ ከጓዳ ሌላ አዘዙ።

ምን ተገኘ? እንዳለቀ ታሪክ አትጠይቁኝ፤ አላለቀም።
ደብዳቤው "ለስድስት ወር ይቆይ" ተባለ እንጂ አልተቀደደም።
የፉርሽካው ዋጋ አሁንም ይወጣል፤ መብራትም ይጠፋል፤
ማቀዝቀዣው በቆመ ቁጥር ሌሊት ስልኬ ይጮሃል።
እንየው ደግሞ እምቦጭ አድርቆ ለላሙ ቢሰጣት ከሐይቁ፣
አሽትታ ፊቷን አዞረች፤ ስለ መኖ እንግዲህ እሷን ጠይቁ።

ግን ዛሬ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከጣሳው ሳይለይ፣
ጋሽ ተቀባን አየሁት ከሰልፉ ራስ ላይ።
ጣሳውን አስቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤
ቁጥሯን እስክነግረው ድረስ በሆዱ አንድ ነገር ቆጠረ።
ዘንጓ ተንሳፈፈች።
"ሠላሳ" አልኩት።
"ድገሚው" አለኝ።
ደገምኩት፤ ጮክ ብዬ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማኝ።